ኤልፒኤን፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይስ ቀጥታ ቢኤስኤን? የሄዳችሁበት ሰዎች ንገሩኝ

የናቲ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

36 ዓመቴ ነው። በዲቪ መጥቼ ሜሪላንድ ከገባሁ 6 ዓመት ሆነኝ። አገር ቤት በአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ ሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ። እዚህ ስመጣ እንደ ብዙዎቻችን ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ወሰድኩ፤ ከዚያ ጂኤንኤ (የአረጋውያን ነርስ ረዳት) ሆኜ ነርሲንግ ሆም ገባሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የማታ ሺፍት ነኝ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት። ቅዳሜ ደግሞ አንዲት እናት ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ልጆቼ የ8 እና የ4 ዓመት ናቸው።

ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። ሐሳቡ ድሮም ነበረኝ፤ የቆረጥኩት ግን ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ክፍሌ ውስጥ ያሉ አንድ አባት አሉ። ራታቸውን ይዤ ስገባ ሁልጊዜ ስሜን እያጣመሙ ይጠሩኛል። ያን ቀን ዝም አሉ። የከንፈራቸው ቀለም ልክ አልመጣልኝም። ሮጬ ነርሷን ጠራሁ። ገብታ ኦክስጅናቸውን ለካች፣ ደረታቸውን አዳመጠች፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረገች፣ ሐኪሙ ጋ ደወለች። እኔ እጃቸውን ይዤ ቆሜያለሁ። እኚህን ሰው ለሁለት ዓመት አጥቤያለሁ፣ አልብሻለሁ፣ አብልቻለሁ። የሆነ ነገር እንደተለወጠ አውቄያለሁ። ምን እንደተለወጠ ግን አላውቅም። ማታ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ።

አሁን ሦስት መንገድ ከፊቴ አለ። አንደኛው የማታ የግል ትምህርት ቤት ነው፤ በ15 ወር ኤልፒኤን፣ ማለትም የመጀመሪያ ደረጃውን የነርስ ላይሰንስ። ዋጋው ከበድ ይላል፣ ግን ፈተናም ወረፋም የለም፣ ነገ ጀምሪ ይሉኛል። ሁለተኛው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ኤዲኤን፣ የሁለት ዓመቱን የነርሲንግ ዲግሪ፣ መያዝ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመግባቴ በፊት አናቶሚ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ሌላም ሌላም መውሰድ አለብኝ። ሦስተኛው፣ ዲግሪ ስላለኝ አክስለሬትድ ቢኤስኤን የሚባለው፣ በአጭር ጊዜ የሚያልቀው የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ ነው።

ሥራ ቦታ ያለችው ጓደኛዬ “ኤልፒኤን ያዢና ብር እየሠራሽ ትቀጥያለሽ” ትለኛለች። የባለቤቴ አክስት ደግሞ “ቢኤስኤን ካልሆነ አትድከሚ፣ ሆስፒታል አይቀበልሽም” አሉኝ። ሁለቱም ለእኔ አስበው ነው። እኔ ግን ግራ ገባኝ። የሄዳችሁበት ሰዎች፣ እባካችሁ።

ሁለት ላይሰንስ

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ። የእኚያን አባት ከንፈር ያየሽው አንቺ ነሽ። ነርሷ የመጣችው አንቺ ስለጠራሻት ነው። የነርስነት ግማሹ እዚያ ነው ያለው፣ ዐይን ላይ። ቀሪውን ትማሪዋለሽ።

እኔ ጓደኛሽ የምትልሽን መንገድ ነው የሄድኩት። በ2014 ኤልፒኤን ያዝኩ። ዕቅዴ አንድ ዓመት ሠርቼ አርኤን፣ ከኤልፒኤን በላይ ያለውን የሙሉ ነርስ ላይሰንስ፣ መቀጠል ነበር። የቀጠልኩት መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ? በ2019። አርኤን የሆንኩት በ2021።

ለምን መሰለሽ? ኤልፒኤን ስትሆኚ ደመወዝሽ ከሲኤንኤ በአንዴ ከፍ ይላል። ኦቨርታይም እንደ ልብ ነው። መኪና ቀየርኩ፣ ቤት ገዛን፣ ሞርጌጁ መጣ። ከዚያ በኋላ ሥራ ቀንሼ ልማር ስል ወሩ አይሞላም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው በእኔ ደርሷል። ክፉ ነገር አላጋጠመኝም፤ ሕይወቴ ደህና ነበር። ደህና መሆኑ ነው ያቆየኝ።

መልካም ጎኑንም ልንገርሽ። ለ28 ሰው መድኃኒት እየሰጠሽ ጋሪውን ስትገፊ እጅሽ ይፈታል። የመድኃኒት ስም ከአፍሽ አይጠፋም። አርኤን ስማር ክፍል ውስጥ ፋርማኮሎጂ ሲያስለቅሳቸው እኔ ቀለል ብሎኝ ነበር። ከኤልፒኤን ወደ አርኤን ብሪጅ የሚባል አለ፣ የተወሰነውን ትምህርት ይቀንስልሻል። ኤልፒኤን መጥፎ አይደለም። ግን ከያዝሽ የሚቀጥለውን ትምህርት ቤት ከአሁኑ አስልተሽ ያዢ።

ቁጥር ለሚፈልግ፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 ያወጣው የአገሪቱ መካከለኛ የዓመት ገቢ ለኤልፒኤን 59,730 ዶላር፣ ለአርኤን 86,070 ዶላር ነበር። እኔ በእነዚያ 7 ዓመታት ውስጥ ያጣሁትን አንድ ቀን ወረቀት ላይ አስልቼ ወረቀቱን ቀደድኩት።

አርኤን በ44

የናቲ እናት፣ እኔ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው የሄድኩት። ስጀምር 39 ዓመቴ ነበር፤ ዕድሜሽን አታንሺብኝ።

ብዙ ሰው ያልገባው ነገር አለ። ኤዲኤን የጨረሰችም ቢኤስኤን የጨረሰችም የሚፈተኑት አንድ ፈተና ነው፣ ኤንክሌክስ አርኤን። የሚሰጣቸውም አንድ ላይሰንስ ነው። ላይሰንሱ ላይ የኮሌጅ ስም የለም፣ የዲግሪ ዓይነትም አልተጻፈም። በሽተኛው አጠገብ የምትሠሪው ሥራ አንድ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቅድመ ኮርሶቹ አሉ፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብ ወይም ስታቲስቲክስ። ከዚያ እንደ ትምህርት ቤቱ ቲስ ወይም ሄሲ የሚባል መግቢያ ፈተና ትወስጃለሽ። ከገባሽ ደግሞ ነርሲንጉ ራሱ አራት ሴሚስተር ነው። ሁለት ዓመት ይባላል እንጂ እየሠራሽ ቅድመ ኮርሱን አንድ አንድ እያልሽ ከወሰድሽ ወደ አራት ዓመት ይጠጋል። ይህን አውቀሽ ግቢ። የሳይንስ ኮርሶች ደግሞ ጊዜ አላቸው፤ ብዙ ትምህርት ቤት ከ5 ወይም ከ7 ዓመት በላይ የቆየ አናቶሚ አይቀበልም። ጀምረሽ አትተዪው።

እኔ የአጥንት ስም በነጭ ፕላስተር እየጻፍኩ ቤቱን ሁሉ ለጠፍኩት። ማቀዝቀዣው በር ላይ የእጅ አጥንት፣ መታጠቢያ ቤት መስታወት ላይ የራስ ቅል። ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ካርዱን እሷ ትይዛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ካርፓል የሚባሉትን የእጅ አንጓ አጥንቶች ስምንቱንም እሷ ከእኔ በፊት ነው የያዘቻቸው።

ስጨርስ ሆስፒታል ገባሁ፣ ሜድ ሰርጅ (የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና) ክፍል። በኤዲኤን ነው የተቀበሉኝ። ውሉ ላይ ግን በተወሰነ ዓመት ውስጥ ቢኤስኤን እንድጨርስ ተጽፏል። ከአርኤን ወደ ቢኤስኤን ያለውን በኦንላይን በ14 ወር ጨረስኩ፣ አብዛኛውን ሆስፒታሉ ከፈለ። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ውል አላቸው፤ ኤዲኤኑን እየተማርሽ የቢኤስኤኑን ኮርስ ጎን ለጎን መጀመር ትችያለሽ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ላንቺ ቅርብ ነው፤ ነርሲንጉ ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ነው። ሄደሽ አማካሪ አነጋግሪ።

ብሩንም አትፍሪ፣ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ፎርም ሙይ። ፔል ግራንት፣ የማይመለሰው የመንግሥት ዕርዳታ፣ ይሸፍንልሻል። እኔን ሸፍኖኛል።

የዳላሱ ወንድም

አርኤን በ44 ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ አንዱን ግን ላርም። እህታችን ዲግሪ አላት። ዲግሪ ያለው ሰው ፔል ግራንት አያገኝም። እኔ ይህን ያወቅኩት ከተመዘገብኩ በኋላ ነው፤ አንቺ ቀድመሽ ብታውቂ ይሻላል።

እኔ ሦስተኛውን መንገድ ነው የሄድኩት። አገር ቤት ባዮሎጂ ነበር የተማርኩት። ትራንስክሪፕቴን ኮርስ በኮርስ አስገምግሜ፣ የጎደሉትን ቅድመ ኮርሶች ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወስጄ፣ አክስለሬትድ ቢኤስኤን ገባሁ። 15 ወር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ 15 ወር አላየሁም። ሰኞና ማክሰኞ ክፍል፣ ረቡዕና ሐሙስ ክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ዓርብ ፈተና፣ ቅዳሜና እሑድ ንባብ። በዚህ ሁሉ ላይ ሥራ መሥራት አይቻልም። እንሠራለን ብለው የጀመሩ ሦስት ጓደኞቼ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ወጡ። ጎበዞች ነበሩ፤ እንቅልፍ ነው ያሸነፋቸው።

እኔን ያወጣችኝ ባለቤቴ ናት። ኪራዩን እሷ ከፈለች፣ ምግቡን እሷ ገዛች፣ ለትምህርቱ ደግሞ ሎን ወሰድኩ። አሁንም እየከፈልኩ ነው። አልቆጨኝም፣ ምክንያቱም በ15 ወር አርኤን ከነቢኤስኤኑ ሆኛለሁ። ግን አንቺ የ4 ዓመት ልጅ አለሽ። የባለቤትሽ ገቢ ብቻውን ቤቱን ለአንድ ዓመት ተኩል መሸከም ይችላል? ለዚህ ጥያቄ “አዎ” ካላልሽ አትግቢበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን።

የናቲ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ፔሉን አላወቅኩም ነበር! የእኔ ዲግሪ የአገር ቤት ነው እኮ። እዚህ ማንም አላየውም፣ ሠርቼበትም አላውቅም። እሱም ይቆጠራል?

ኤይድ ቢሮ የምሠራ

ይቆጠራል እህቴ። የማንበብ እንጂ የመጻፍ ልማድ የለኝም፤ ይህን ግን በየቀኑ ስለማየው ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዲግሪሽ ከየትም አገር ይሁን፣ እዚህ ተገምግሞ ይሁን አይሁን፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ከያዝሽ ፔል የለም። ከፍተኛው ፔል በ2024-25 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነበር፤ ቀላል ገንዘብ ስላልሆነ ሰው “ዲግሪ የለኝም በዪ” ብሎ ይመክራል። እባክሽ እንዳታደርጊው። ፎርሙን የምትፈርሚው ለፌዴራል መንግሥት ነው። ነገ ዜግነት ስታመለክቺ፣ ላይሰንስ ስታወጪ፣ የዋሸሽው ወረቀት ከኋላሽ ይመጣል። ፔሉ ወጥቶልሽም ቢሆን ሲደረስበት መልሰሽ ትከፍያለሽ።

የቀረልሽ ግን ብዙ ነው። ፋፍሳውን ሙይው፤ ግሪን ካርድ ስላለሽ የፌዴራል ሎን ይፈቀድልሻል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለካውንቲው ነዋሪ ዝቅተኛውን ዋጋ ነው የሚያስከፍለው፤ አንድ ኮርስ በአንድ ሴሚስተር ብትወስጂ ብዙዎች ከኪሳቸው ይችሉታል። ከሁሉ በፊት ግን ነርሲንግ ሆምሽ ኤች አር ቢሮ ሄደሽ “የትምህርት ክፍያ ትረዳላችሁ?” ብለሽ ጠይቂ። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለትምህርትሽ ቢከፍል ታክስ አይቆረጥበትም። ብዙ ቤቶች ይህ ነገር አላቸው፣ ሠራተኛው ስለማይጠይቅ ብቻ ተቀምጧል። ከፈረምሽ በኋላ ስንት ዓመት እንደምትቆዪላቸው ግን አንብቢ።

ባለቤትሽ ዲግሪ ከሌለው እሱ ፔል ሊያገኝ ይችላል። ምናልባት አንድ ቀን።

የቤቴል አባት

እኔ ነርስ አይደለሁም፣ ግን የባለቤትሽ አክስት ያሉትን እደግፋለሁ። ጊዜው የቢኤስኤን ነው። ትልልቅ ሆስፒታሎች ማስታወቂያ ላይ “ቢኤስኤን ይመረጣል” ብለው ነው የሚጽፉት። ሰው ሁለት ጊዜ ለምን ይማራል? ልጄ 18 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልግባ ስትለኝ እምቢ አልኳት። ተሳስቻለሁ?

አርኤን በ44

በመጀመሪያ ስለ ፔል ያረማችሁኝን አመሰግናለሁ። እኔ ዲግሪ ስላልነበረኝ ለሁሉም የሆነ መስሎኝ ነበር። የናቲ እናት፣ ይቅርታ።

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ለቤቴል እውነት ነው፣ ለናቲ እናት ግን ሌላ ነው። ቢኤስኤን እየተፈለገ መሆኑን አልክድም። በ2010 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ባወጣው ትልቅ ሪፖርት በ2020 ከነርሶች 80 በመቶው ቢኤስኤን እንዲኖራቸው መክሮ ነበር። ኒው ዮርክ ከዚያ አልፋ በ2017 ሕግ አወጣች፤ አዲስ አርኤን በ10 ዓመት ውስጥ ቢኤስኤን መያዝ አለበት። ማግኔት የሚባለውን ዕውቅና የያዙ ሆስፒታሎች ደግሞ የነርስ ኃላፊዎቻቸው ቢያንስ ቢኤስኤን እንዲኖራቸው ይጠየቃሉ። ወታደር ቤት ነርስ መኮንን መሆን የሚፈልግ፣ ነርስ ፕራክቲሽነር ልሁን የሚል፣ ማስተማር የሚያስብ ብዙውን ጊዜ ያለ ቢኤስኤን አይሄድም።

ግን ልብ ይበሉ ጋሼ። የኒው ዮርክ ሕግ ራሱ “መጀመሪያ ኤዲኤን አትግቡ” አላለም። ገብታችሁ ጨርሱት ነው ያለው። ለ36 ዓመት እናት ጥያቄው ቢኤስኤን ይኑራት አይኑራት አይደለም። ይኖራታል። ጥያቄው አርኤን ከመሆኗ በፊት ትያዘው ወይስ የአርኤን ደመወዝ እየበላች ነው።

ቤቴል ግን 18 ዓመቷ ነው። የምታሳድገው ልጅ የላትም፣ ቤት አለች፣ ፔልም ሊወጣላት ይችላል። እሷ አራቱን ዓመት ቀጥታ ቢኤስኤን ብትገባ እኔም እመርጣለሁ። ብሩ ከከበደዎት ግን ሁለቱን ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምራ ብታዘዋውር ምንም አይጎድልባትም። እዚሁ ሮክቪል ሼዲ ግሮቭ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ትምህርት ቤት ቢኤስኤን ያስተምራል፤ ከቤት እየተመላለሰች መማር ትችላለች። “እምቢ” ከማለትዎ በፊት ከእሷ ጋር ሄዳችሁ እዩት።

የቤቴል አባት

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።

ስሜን አልጽፍም

ስለ ማታው የግል ትምህርት ቤት ማንም ስላላነሳው እኔ ልናገር። “ፈተና የለም፣ ወረፋ የለም፣ ነገ ጀምሪ” ያሉሽን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ።

እኔም እንዲህ ብለውኝ ነው የገባሁት። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ቢሮው ያምራል፣ የምታስመዘግበው ልጅ አማርኛ ትናገራለች፣ ቡና ታቀርባለች። በመጀመሪያው ቀን ነው ያስፈረሙኝ። ስምንት ወር ከተማርኩ በኋላ ክሊኒካል ቦታ የለም ተባለ። መምህር ይቀየራል፣ ሁለት ሳምንት ክፍል ይዘጋል። በኋላ ሌላ ኮሌጅ ልቀይር ብዬ ትራንስክሪፕቴን ይዤ ስሄድ አንድም ክሬዲት አልተቀበሉኝም። የወሰድኩት ሎን ግን የእኔ ነው። ልጄን ለእናቴ ትቼ የተማርኩት ስምንት ወር ነበር።

ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጪ። የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ትምህርት ቤቱ ፈቃድ አለው ወይ? እንደ ኤሲኢኤን ካሉት የነርሲንግ ትምህርት ቤት ዕውቅና ሰጪዎች ከአንዱ ዕውቅና አለው ወይ? ያለ እነሱ ሥራ ልታገኚ ትችያለሽ፣ በኋላ ወደ ቢኤስኤን ልሻገር ስትዪ ግን በሩ ይጠብብሻል። ሦስተኛው፣ ተማሪዎቹ ኤንክሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ ስንቱ አለፉ? ይህን ቦርዱ በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ያወጣል። የትምህርት ቤቱን ሰው አትጠይቂ፣ ራስሽ አንብቢ።

በጥር 2023 የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ፍሎሪዳ ውስጥ የነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማ ሸጠዋል ተብሎ 25 ሰው ተከሰሰ። ከዚያ በየስቴቱ ላይሰንስ ሲሰረዝ ነበር። አቋራጭ ሲነግሯችሁ ያንን አስቡ።

አዋላጅ ነበርኩ

ይህን ውይይት የሚያነቡ ሌሎች እህቶች ይኖራሉ ብዬ ነው። አገር ቤት ነርስ የነበራችሁ፣ “ሲስተር” ስትባሉ የኖራችሁ፣ እባካችሁ ከሲኤንኤ ጀምራችሁ እንደ አዲስ አትማሩ። እኔ ሦስት ዓመት አቃጥያለሁ፤ ማንም አልነገረኝም ነበር። ትምህርታችሁን አስገምግሙ፣ ቦርዱ የሚፈልገውን የእንግሊዝኛ ፈተና ውሰዱ፣ ከዚያ ኤንክሌክስ ተፈተኑ። የሚያደክመው ትራንስክሪፕቱ ነው፤ ከተማራችሁበት ኮሌጅ በቀጥታ ለገምጋሚው ድርጅት መላክ አለበት፣ በእጃችሁ ይዛችሁ የመጣችሁት አይሠራም። አገር ቤት አንድ የሚሮጥላችሁ ዘመድ ያስፈልጋል። የእኔ ወንድም ሬጅስትራር በር ላይ እየተመላለሰ ነው ያስጨረሰልኝ።

የተማርነው ከነርስነት ወጣ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ አዋላጅነት ብቻ ከሆነ፣ የሚጎድል ኮርስ ሊጠየቅ ይችላል። እሱን መሙላት ግን ከዜሮ መጀመር አይደለም።

የናቲ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም ደግሜ ደግሜ አነበብኳችሁ። ያ ትምህርት ቤት ትናንት ደውሎልኝ “ቦታው ሊሞላ ነው” አለኝ። ቦርዱ ዝርዝር ላይ ፈለግኩት፣ ፈቃድ አለው። በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉት ግን ከግማሽ ብዙም አይበልጡም። ስልኩን ሲደግሙ አላነሳሁም።

አሁን የሚያስፈራኝ እንግሊዝኛው ነው። ሥራ ቦታ እግባባለሁ። መጽሐፍ ግን? ስለ ኤንክሌክስ የሚያወሩት ሁሉ ጥያቄው ጠማማ ነው ይላሉ። እና መቼ ነው የምተኛው?

ሁለት ላይሰንስ

ጥያቄው ጠማማ አይደለም፣ የሚጠይቅሽ ሌላ ነገር ነው። እኛ የለመድነው “ይህ በሽታ ምንድነው?” የሚለውን ነው። ኤንክሌክስ ግን አራት በሽተኛ ይሰጥሽና “ማንን ነው መጀመሪያ የምታዪው?” ይልሻል። አራቱም ሊታዩ ይገባቸዋል። አንዷ ግን መተንፈስ እያቃታት ነው። ወደሷ ነው የምትሄጂው። ያን ቀን ማታ አንቺ ያደረግሽው ይኸው ነው።

ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ፈተናው ተለውጧል፤ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ይሰጥሽና በዚያው ላይ ተከታታይ ጥያቄ ይመጣል። ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ፣ 5 ሰዓት። ኮምፒውተሩ እንደ መልስሽ ጥያቄውን ያከብደዋል ወይም ያቀልለዋል፤ ከበደኝ ብለሽ አትደንግጪ፣ ሲከብድ ደህና እየሄድሽ ነው። ብትወድቂ በ45 ቀን ትደግሚያለሽ። እኔ ለአርኤኑ ሁለት ጊዜ ነው የተፈተንኩት። ሁለተኛው ላይ አንዱን ጥያቄ ስመልስ ፈተናው አብቅቶ ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ጸሎት አደረግኩ።

እንግሊዝኛውን እኔ በአማርኛ ነው የተማርኩት። ልብ ድካምን አንብቤ ሳበቃ ተነስቼ ለእናቴ በስልክ አስረዳታለሁ። “እማዬ፣ ልብ ደሙን መግፋት ሲያቅታት ውሃው ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ስለዚህ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ለዚህ ነው ትራስ የምንደርብላቸው።” እናቴ “አባትሽ እንዲህ ነበር” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያ ምዕራፍ ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም። በአማርኛ ማስረዳት ካልቻልሽ እንግሊዝኛውን ሸምድደሽዋል እንጂ አልገባሽም።

የነርስ ባል

እንቅልፍ ላይ እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ያ የቤት ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ስትማር ሁለት ዓመት እኔ ነኝ ራት ያቀረብኩት። እንጀራ ከሱቅ ገዛን፣ ወጥ እሑድ ሠርቼ በሳህን በሳህን ከፍዬ አስቀምጣለሁ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ልጃችን “እማዬ እያጠናች ነው” ብላ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ለጠፈች። በሩ ሲዘጋ ቤቱ እዚያ ላይ እንዳለቀ እንቆጥረዋለን።

አንድ ነገር ግን ከብዶኛል፣ ልደብቅ አልፈልግም። ሰው ቤት መሄድ አቆምን። ክርስትናም፣ ልደትም፣ ማኅበርም። ዘመድ ተቀየመ። አስቀድመን ደውለን “ሁለት ዓመት ታገሱን” ብንል ኖሮ ይገባቸው ነበር። ለባለቤትሽ ይህን ውይይት አሳዪው። የኡበር ሰዓቱን አንቺ ከምትገቢበት ሰዓት ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩበት፣ ከተመዘገብሽ በኋላ አይደለም።

የዳላሱ ወንድም

የነርስ ባል፣ ለባለቤቴ አነበብኩላት። አለቀሰች።

የናቲ እናት፣ አንድ ተግባራዊ ነገር። የአካውንቲንግ ትራንስክሪፕትሽንም ቢሆን አስገምግሚው። ስታቲስቲክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብ ወስደሽ ከሆነ ሊቆጠርልሽ ይችላል። እኔ ሦስት ኮርስ ተርፎልኛል። ሳይንሱ ግን አዲስ መወሰድ አለበት። አናቶሚ አንድን ስትመዘግቢ ብቻዋን ውሰጃት። ከሌላ ጋር አታዳብያት።

የናቲ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ ጽፋችሁልኝ ስላልመለስኩ ይቅርታ።

ኤች አር ሄድኩ። አለን አሉ! አንድ ዓመት ከሠራን በኋላ የሚያገለግል የትምህርት ክፍያ አላቸው። አምስት ዓመት እዚያ ስሠራ ያልሰማሁት ነገር ነው። ፎርሙን ስወስድ አብራኝ የምትሠራው ልጅም መጣች፣ ለእሷም ወሰድኩላት።

ከባለቤቴ ጋር ወረቀት ይዘን ቁጭ አልን። ያለ እኔ ደመወዝ አንድ ዓመት ተኩል አይሆንም። አምስት ወር እንችላለን፣ ከዚያ በላይ አንችልም። ስለዚህ ሦስተኛውን ተውኩት። ኤልፒኤኑንም ተውኩት። ሁለት ላይሰንስ፣ ያንቺን ወረቀት ባነብ ኖሮ እኔም ቀዳድጄ እጥለው ነበር። ራሴን አውቃለሁ፤ ቤት ግዢ የሚል ሰው ቢመጣ አልቋቋምም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። አናቶሚ አንድን ብቻዋን ተመዝግቤያለሁ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ ከላብ ጋር። ባለቤቴ በእነዚያ ሁለት ቀናት ትንሹን ይዞ ይቆያል፣ ኡበሩን ማታ ይነዳል። የቅዳሜዋን እናት ለጓደኛዬ አስረከብኩ፤ ስነግራቸው “ስትጨርሺ መጥተሽ ደም ግፊቴን ትለኪያለሽ” አሉኝ።

አማካሪዋ እንደነገረችኝ ነርሲንጉን ራሱን ስጀምር ሺፍቴን ወደ ሳምንት መጨረሻ ማዛወር አለብኝ። ያን ያኔ አያለሁ። ያስፈራኛል፣ አልዋሽም።

የባለቤቴ አክስት ትናንት ቡና ላይ ነበሩ። ቢኤስኤኑ የት ሄደ አሉኝ። ከኤዲኤኑ ጋር ጎን ለጎን እንደሚጀመር አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን እስከ መጨረሻ አነበቡት። “እንግዲያው ሐሙስ ሐሙስ ልጁን እኔ እይዛለሁ” አሉ።

መጽሐፉ ትናንት መጣ። የሰው አጥንት 206 ነው ይላል፣ ናቲ መቁጠር ጀምሮ 31 ጋ ደርሶ ተኛ። አርኤን በ44፣ ያ ነጭ ፕላስተር ማቀዝቀዣው ላይ ቀለም አይልጥም?

አርኤን በ44

አይልጥም። የወረቀቱን ዓይነት ግዢ፣ በቀላሉ የሚላቀቀውን። ከእጅ አጥንት ጀምሪ።